ፊቱን ወደ ግድግዳ የሰቀልኩት ጊታር

እኔ በሜትር የማምን ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ጥላ ታየኝ፣ ድምፅ ጠራኝ እየተባለ የሚወራውን ነገር አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፣ ሰው በሬ ተንኳኳብኝ ብሎ ሲያወራኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በሩ ከምን እንጨት እንደተሠራ ነው፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ራሱ ይንኳኳል፣ አለቀ። አናጢ ነኝ፣ ቢቸና ከመሪጌታ አንተነህ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራባታለሁ፣ እተኛባታለሁ፣ ሙያውንም ሆነ ክራር መምታቱን ያስተማረኝ የለም፣ አይቼና ሰምቼ ነው። ይህን የምልህ ለጉራ እንዳይመስልህ፣ የምነግርህን ነገር ለክቼና ቆጥሬ እንደምነግርህ እንድታውቅልኝ ነው፣ የሳትኩት ቆጠራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አልደብቅህም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ነው። ሞጣ ያለ ትምህርት ቤት ዴስኮቹን እንድጠግን በወር ደመወዝ ቀጠረኝ፣ ሰኔ መጨረሻ ሄድኩ፣ ቀን ቀን ባዶ ክፍል ውስጥ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ስመታና ስልግ እውላለሁ፣ የተረፈኝን ሥራ ይዤ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ወዳከራዩኝ የጓሮ ክፍል እመለሳለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ መላኩ ይባላል፣ ደብረ ማርቆስ ይማር ነበርና ለክረምት መጥቷል። የእሱን ክፍል ከእኔ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጊታር ይጫወታል።

ጊታር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም አልልህም፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ጊዜ ነክቻለሁ፣ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ለመላኩ ትቶለት የሄደው ነው፣ ፊቱ ነጣ ያለ እንጨት ነው፣ ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ስንዝር የሚሆን ስንጥቅ አለበት፣ መላኩ ስንጥቁን ከውስጥ በኩል በብራና ቁራጭ ለጥፎ ጠግኖታል። እንግዲህ በብራናው ይሁን በሌላ፣ ወፍራሙ ክር ሲመታ ከድምፁ ሥር ሌላ ድምፅ አለው፣ ሰው አፉን ዘግቶ ሲያንጎራጉር የሚመስል። መላኩ የሚጫወታት አንዲት የራሱ ዜማ ነበረች፣ በትዝታ የተቃኘች፣ ወደ መጨረሻዋ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቆማል፣ አንዲት ምት ቢጨምር ታልቃለች፣ አይጨምራትም። እኔ መጋዜን አቁሜ አዳምጣለሁ፣ ያቆማል፣ እኔም ወደ መጋዜ እመለሳለሁ። ተገናኝተን ያወራነው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፣ አንዴ ብቻ ደፍሬ "መጨረሻዋን ለምን ተውካት?" አልኩት፣ ሳቀና "አንተ በር ስትሠራ ማንም ሳይገባበት ትቆልፈዋለህ?" አለኝ።

ፍልሰታ ሲገባ ለጾሙ ብሎ ጊታሩን ሰቀለው። በሁለተኛው ቀን ንዳድ ያዘው፣ ነሐሴ አምስት ሞተ። ሣጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለዴስክ ከመጣው ዋንዛ ላይ፣ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።

ወደ ቢቸና ልመለስ ዕቃዬን ስሸክፍ እትዬ ጥሩወርቅ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

"ታዳምጠው እንደነበር አውቃለሁ" አሉኝ፣ "እሱ ሲጀምር ያንተ መጋዝ ዝም ይላል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ።"

"ምን ይቅርታ አለው፣ ካንተ ሌላ ማን አዳመጠው? አጎቱ እንኳ የፈረንጅ ጎመን መክተፊያ ነበር የሚለው።"

ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። በእኛ በኩል ሐዘን የገባበት ቤት ክራርም ሆነ መሰንቆ ካለ ክሩ ይላላል፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰቀላል፣ አርባው ሲወጣ ይፈታል፣ እናቴም አባቴ የሞተ ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች። እትዬ ጥሩወርቅም ስድስቱን ክሮች አላልተው በጥቁር ፈትል ሰባት ጊዜ ጠምጥመው ቋጥረዋቸዋል።

"ውሰደው፣ እስከ አርባው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርገህ ስቀለው፣ ክሩን እንዳትነካ። በአርባው ዕለት ትፈታውና ያችን ዜማውን ትጫወትለታለህ፣ እሱ እንደሚያቋርጣት ሳታቋርጥ ትጨርስለታለህ። ከዚያ ወዲያ ያንተ ነው።"

"ካልሆነልኝስ እትዬ?"

"እንግዲያማ የሱ ነው" አሉ፣ እንደ ዋዛ።

ቢቸና እንደገባሁ ከአልጋዬ በላይ ሰቀልኩት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ። ልማዴ ነውና ስድስቱም መቃኛዎች የቆሙበትን ቦታ በእርሳስ ጫርኩ፣ ቀኑንም በመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ላይ ጻፍኩ፣ ከነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን፣ ከመስከረም አሥራ አራት ቀን፣ ድምር አርባ። መስከረም አሥራ አራትን እንደ ሠርግ ቀን እጠብቅ ጀመር፣ እመነኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ዕቃ የለም፣ ተኝቼ ጀርባውን እያየሁ ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ላይ ዜማዋን ይለማመዱ ነበር።

መስከረም ዘጠኝ ቀን ዝናብ ጥሎ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ የአንድ ሰው በር እየላግሁ ነው። ጢቅ የሚል ሰማሁ። እንጨት ነው አልኩ፣ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ እንጨት ይናገራል። ላግሁ። አሁንም ጢቅ፣ ቀጥሎም የላላ ክር ሲነካ የሚያሰማው ያ እንደ ዝንብ ያለ ጥዝታ። የመላጊያዬ ንዝረት ነው አልኩና ለመፈተን አቆምኩ፣ እጄን ከእንጨቱ ላይ አነሳሁ። አላቆመም። ጥዝታው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ፣ ትንሽ ወረደ፣ እንደገና ትንሽ ወጣ፣ ይህ ነው ያስፈራኝ፣ እንጨት ሲደርቅ ድምፅ ያሰማል እንጂ አሳልፎ ተመልሶ አያስተካክልም። ይህን የሚያደርግ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ክር ጀመረ።

ሮጬ ወጣሁ አልልህም፣ ምስማር ያስፈልገኛል ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ወደ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየሁ፣ ባለሱቁ ምን ሆነሃል እስኪለኝ ድረስ።

ስመለስ መሪጌታ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የድጓ ተማሪ ከሦስት ቤት ማዶ ቢሳሳት ይሰማል።

"አንዳርጌ" አሉኝ፣ "ዛሬስ አስተከዝከኝ። እንጨት ብቻ የምትደበድብ ነበር የመሰለኝ።"

"ምን አደረግሁ የኔታ?"

"ያን ነገር ስትመታ አይደል የዋልከው? ደግ ዜማ ነው። ምነው ግን መጨረሻውን ዋጥከው? ሦስት ጊዜ ጠበቅሁህ፣ ሦስቴም እዚያው ላይ ጣልከኝ።"

ከሱቅ መምጣቴ ነው ብዬ ምስማሩን አሳየኋቸው። በእጃቸው ዳሰሱት። እኔም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፣ አርባውም ገና አምስት ቀን እንደሚቀረው።

"መቼ ነው የሞተ?"

"ነሐሴ አምስት።"

በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ቆጠሩ።

"ጳጉሜን ወዴት ጣልካት?" አሉኝ።

ወር ማለት ለእኔ ሠላሳ ቀን ነው፣ በወር የተቀጠረ ሰው ጳጉሜን ሠርቶ ቢያልፍባትም በደመወዝ አትታሰብለትም፣ እኔም ሳላስበው ቀኖቿን ከዓመቱ አውጥቼ ጥያቸዋለሁ።

"ደመወዝ ስለሌላት ነው" አሉ መሪጌታ፣ ፈገግ ሊሉ ሞክረው ነበር፣ አልሆነላቸውም። "ሙት ደመወዝተኛ አይደለም ልጄ፣ ሁሉንም ቀን ይቆጥራል። አርባው ዛሬ ነው።"

አብረን ገባን። ጊታሩ እንደሰቀልኩት ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተሰቅሏል። አወረድኩት። ጥቁሩ ፈትል ሰባቱም ዙር እንዳለ ነው፣ ቋጠሮውም የእትዬ ጥሩወርቅ ቋጠሮ ነው፣ አልተነካም። ከፈትሉ ሥር ግን ክሮቹ ተወጥረዋል፣ ስድስቱም መቃኛዎች ከእርሳስ ጭረቴ ዞረዋል፣ ሁሉም እኩል አይደለም፣ እያንዳንዱ ለድምፁ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። በጥፍሬ ነካሁት። ትዝታ።

"ቀኑ አልመሸም" አሉ መሪጌታ፣ "ፍታና ጨርስለት፣ ይሂድ።"

ፈታሁት። ተጫወትኩ፣ ጣቶቼ አንድም ቦታ አልሳቱም፣ ያ ከሥር የሚያንጎራጉረው ድምፅ በደረቴ በኩል ገብቶ በጀርባዬ የሚወጣ ይመስል ነበር፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። ያችው ቦታ ላይ ደረስኩ። አንዲት ምት ቀረች። ጣቴ ክሩ ላይ ነው፣ መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

እዚህ ላይ ልዋሽህ እችል ነበር፣ ፈርቼ ነው ብልህ ታምነኛለህ። ፍርሃት አልነበረም፣ ስስት ነው። ከጨረስኩለት ይሄዳል፣ ከሄደ ደግሞ በእጄ የሚቀረው እንጨትና ሽቦ ነው ብዬ አሰብኩ። ጣቴን አነሳሁ።

መሪጌታ ተነሥተው "አይ አንተ" አሉ።

በጥቅምት የቀረችኝን ሥራ ልጨርስ ሞጣ ተመለስኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ገና ሳልቀመጥ "ተጫወትክለት?" አሉኝ።

"ተጫወትኩለት።"

"ጨረስክለት?"

"ጨረስኩለት እትዬ።"

ወደ ጓሮው ግድግዳ ዞር ብለው አዩና "ታዲያ" አሉ፣ "ምነው እስካሁን እዚያችው ላይ የሚያቆመው?"

ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በዓመቱ እሳቸውም አረፉ፣ የነገርኳቸውን ይዘው።

ጊታሩ እኔ ዘንድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ እንድሸጥለት የለመነኝ ሰው አለ፣ አልሸጥም አልኩት፣ ነፍሱን ይሰጣል እንጂ ጊታሩን አይሰጥም እያሉ ያወራሉ፣ ይበሉ። የእኔ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ምኑን እሸጠዋለሁ? በየዓመቱ መስከረም ዘጠኝ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምስማር ልገዛ እወጣለሁ፣ ሲመሽ እመለሳለሁ፣ ተቃኝቶ አገኘዋለሁ፣ እኔ ቃኝቼው አላውቅም። ቤቴ ውስጥ ያለው ምስማር ለሁለት ቤት ጣሪያ ይበቃል።

ይህን የምጽፍልህ መስከረም ስምንት ቀን ነው። ባለሱቁ ነገ ሱቁን ዘግቶ ለለቅሶ ደብረ ወርቅ ይሄዳል፣ መሪጌታም አብረውት ይሄዳሉ፣ ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው "ዘንድሮ እንኳ" አሉኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። በሩን ዘግቼ ልቀመጥ ወስኛለሁ፣ ዘንድሮ ጳጉሜን ቆጥሬያታለሁ፣ አምስቱንም ቀን። ዛሬ ጠዋት ክሮቹን ራሴ አላልቼ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሼ፣ በስድስቱም መቃኛዎች ላይ አዲስ ጭረት አድርጌያለሁ። አሁን ቀና ብዬ አየኋቸው፣ አራቱ ባሉበት ናቸው፣ ሁለቱ ዞረዋል፣ ለካ ዘንድሮ ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች።