የዳታ ማኅበርተኞች

«አለቀ!» አለ የሺዋስ፣ ስልኩን ወደ ሽታዬ አዙሮ እያሳየ። «ተረኛዋ፣ ምን አድርገሽብን ነው? የኬሚስትሪው መምህር እጁን እንዳነሣ ቀረ እኮ!»

በትንሿ ክፍል የታጨቁት ተማሪዎች ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ ጥቂት ጊዜ በተስፋ ተመለከቷት። መምህሩ እጁን አላወረደም። ሽታዬ ቀሪ ሒሳቧን ጠየቀች፤ ወዲያው የመጣላት አጭር መልእክት ጥቅሉ ተሟጦ ማለቁን ነገራት። ለሳምንት የተገዛ ጥቅል ነበር፤ ቀኑ ግን ገና ማክሰኞ ነው።

በእማማ ወለተ ኪዳን ግቢ የተከራዩት ሁሉ ከየገጠሩ ስንቃቸውን ይዘው ደብረ ማርቆስ ለትምህርት የመጡ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚገዙት ዳታ እንደ ቆሎ እፍኝ እየሆነ ቢያስቸግራቸው፣ ወላጆቻቸው ማኅበር እንደሚጠጡት እነሱም ተራ ገቡ። የሳምንቱ ተረኛ ትልቁን ጥቅል ይገዛል፤ ሆትስፖቱን ይከፍታል፤ ሌሎቹ በእሱ ክፍል ይሰበሰባሉ። እማማ ወለተ ኪዳን ነገሩን የሰሙ ዕለት፣ «ጠላ የለው፣ ዳቦ የለው፣ የሚዘከር ጻድቅ የለው! ይሄ ደግሞ የምን ማኅበር ነው?» ብለው አማትበው ነበር።

ሽታዬ ተራዋን በጉጉት የጠበቀችው ለኢንተርኔቱ ብላ አልነበረም። ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ከጮቄ ግርጌ ካለ መንደር ከመጣች ጀምሮ በሌሎች ሳምንት ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ተነሥታ ስትወጣም ልብ የሚላት የለም። በእሷ ሳምንት ግን ሰው ወደ እሷ ይመጣል። በደጃፏ ጫማ ይደረደራል። ያንን የተደረደረ ጫማ ስታይ ቤቷ ቤት ይመስላት ነበር።

«አንድ ሰው ጠጥቶታል» አለች ይመኙሻል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ አንደበቷ የተባ፣ ሣቋ ግቢውን የሚሞላ፤ «ሙሴ»፣ የማኅበሩ አለቃ፣ እያሉ ይቀልዱባታል፤ ይፈሯታልም። «ትናንት ከተበተንን በኋላ ሆትስፖቱን ዘጋሽው?»

«ረሳሁት» አለች ሽታዬ።

«አላልኩም? እኔ እኮ ነቄ ነኝ። ዓይናዲስ ናታ! ያንን ግድግዳ ተደግፋ ስትጎትት አምሽታለች።»

ከአምበር ከተማ የመጣችው ዓይናዲስ የሽታዬ የግድግዳ ጎረቤት ናት። ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ ትምህርቶችን በገፍ ስታወርድ ሁሉም አይተዋታል። በዚያች ሰዓት በመካከላቸው አልነበረችም፤ ቤቷም የሌለች መስሏቸው ነበር።

«የተገናኙት ስልኮች ዝርዝር ላይ ስሟን አይተሻል አላየሽም?»

«አይቻለሁ» አለች ሽታዬ።

እውነት ነበር። ከዓይናዲስ ስም በላይ የይመኙሻል፣ ከሥር የየሺዋስ ስም እንደነበረም እውነት ነበር። ያንን ግን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አላከለችበትም።

ይመኙሻል ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይዞሽ እህቴ። የዋህነትሽን አይታ ነው።»

የእጇ ሙቀት ሽታዬ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያች ቀን ወዲህ ብቻዋን ሽሮ ሠርታ ብቻዋን በልታ አታውቅም። «ተበዳይዋ፣ ነይ እንጂ እንብላ!» ይላታል የሺዋስ ከበሩ ላይ ሆኖ፤ ሁሉም ይሥቃሉ፤ እሷም ትሥቃለች። ዓይናዲስ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቧንቧው ስትወጣ ግን ጨዋታው በአንድ ጊዜ ይከስማል። ውኃው ጀሪካኑን እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜ ያን ያህል የሚረዝም መሆኑን ሽታዬ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነውና ከየወረዳው ስንቅ የያዙ ዘመዶች ግቢውን ሞሉት። የሽታዬ ሰዎች አልመጡም፤ አጨዳ ላይ ናቸው። እሷም የኅዳር ሚካኤል ዕለት አገሯ ገብታ፣ ተራዋ ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብላ ነው የተመለሰችው። ሌሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር ሲነጋገሩ መስማት ስላስጨነቃት በሯን ዘግታ ስልኳን ከፈተች።

እናቷ ከስክሪኑ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማለች። ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ መሆኑን ስላላወቀች ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ሳትተነፍስ ትጠብቃለች። «አነሣሽው?» ትላለች ከንፈሯን ብዙም ሳታላቅቅ። «ገና ነው፣ እማ» ይላል የሽታዬ ድምፅ። ገና አልነበረም። እናቷ ሥራዋን ሁሉ ትታ እሷን ብቻ እንዲህ ስትመለከት ስላላየች፣ ማቆም አልሆነላትም ነበር። አባቷንም፣ ታናናሾቿንም፣ ነፋስ የሚያስተኛውን የገብስ ማሳም እንዲሁ ረጅም ረጅም አድርጋ ቀርጻ ነበር።

ጣቷ ስክሪኑን ሲነካው ከቪዲዮው ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት አየች። ምስሉ በኢንተርኔት ላይ በደኅና መቀመጡን የምታመለክት ናት። የተቀመጠበትም ቀን ተጽፏል፤ ሰኞ ይላል። ቀጣዩን ከፈተች፤ ሰኞ። የገብሱንም ከፈተች፤ ሰኞ።

የቀድሞ ስልኳ ከነፎቶዎቹ ስለጠፋባት፣ አዲሱ ስልክ «በሞባይል ዳታም ላስቀምጥልሽ?» ብሎ ሲጠይቃት እሺ ያለችው ራሷ ናት። መንደሯ ኔትወርክ የለም፤ ስልኳ ተሸክሞት የመጣውን ሁሉ ይዞ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ዳታው በተገኘበት ዕለት የእናቷን ዝምታ፣ የአባቷን ትከሻ፣ የነፋሱን ጩኸት አንድ በአንድ ወደማይታየው ማከማቻ ሲያግዝ አመሸ። የማኅበሩን ዳታ የበላው የእሷ ናፍቆት ነበር።

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ስልኳን ከፍቶ የሚመረምር አይመጣም። ዛሬ ከጥናቱ በኋላ፣ ሁሉም እንደተስማሙት፣ ዓይናዲስን ከማኅበሩ ያስወጧታል፤ ነገ ሽታዬ እንደገና ለምሳ ትጠራለች። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ ዝም ማለት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የተካነችበት ሙያ ነው።

ተነሥታ የጎረቤቷን በር አንኳኳች።

ዓይናዲስ ደብተሮቿን ማዳበሪያ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ልትለቂ ነው?»

«ከሌባ ጋር ግድግዳ መጋራት ይከብድሻል ብዬ ነው።»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ሽታዬ። «የእኔ ስልክ ነው። ከአገር ቤት ያመጣሁትን ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ሲጭን ነው ያለቀው።»

ዓይናዲስ እጇን ከማዳበሪያው ሳታወጣ ቆመች። «መቼ አወቅሽ?»

«አሁን።»

«ማክሰኞስ? የሁሉም ስም ዝርዝሩ ላይ እንደነበር ማክሰኞ አታውቂም ነበር?»

ሽታዬ ዓይኗን ወደ ማዳበሪያው መለሰች።

«እዚሁ ነበርኩ። ጥርሴን አሞኝ ተኝቼ» አለች ዓይናዲስ ግድግዳውን በአገጯ እያመለከተች። «ዋይፋይ የሚያሳልፍ ጭቃ ወሬ የሚከለክል መሰለሽ? ይመኙሻል ስትሰድበኝ ምንም አልመሰለኝም፤ አፏ ነው። ያንቺን መልስ ነበር የጠበቅሁት።»

«አውቅ ነበር» አለች ሽታዬ በመጨረሻ። «አብረሽኝ ነይ። ሁሉም ባሉበት ልናገረው።»

«እኔ ምን ልሠራ? እንዳልወሰድኩ እኔማ አውቃለሁ።» ዓይናዲስ ፊቷን መልሳ ደብተር ማንሣት ጀመረች። «የምትናገሪ ከሆነ ብቻሽን ሂጂ።»

የሽታዬ ጥቅል በጊዜ ስላለቀ የሺዋስ ተራውን አስቀድሞ ነበርና ሁሉም እሱ ክፍል ተሰብስበዋል። ስልኩ ኔትወርክ እንዲይዝ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ስትገባ ይመኙሻል አልጋው ላይ ጎኗን መታ መታ አደረገች። «ቦታሽን ይዤልሻለሁ።»

ሽታዬ አልተቀመጠችም። «አንድ ነገር ልናገር።»

«እሺ፣ ተናገሪ» አለች ይመኙሻል ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። የሺዋስ የጆሮ ማዳመጫውን አላወለቀም። ሌላው ብቻውን ፈገግ ብሎ በጣቱ የሆነ ነገር ወደ ላይ ገፋ።

ጠበቀች። ቀና ያለ የለም። አሁን ብትቀመጥ የተነገረም፣ ያልተነገረም ነገር እንደሌለ ሆኖ ያልፋል። ባዶው ቦታ አጠገቧ ነበር።

ወደ መስኮቱ ሄደች፤ የየሺዋስን ስልክ አነሣችና ሆትስፖቱን ዘጋችው።

«አቦ! ማነው የዘጋው?»

ፊቶች አንድ በአንድ ተነሡ፤ የተገረሙም፣ የተቆጡም። በዚህ ግቢ ይህን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አይቷት አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች ሽታዬ፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «የማክሰኞውንም ዳታ የጨረስኩት እኔ ነኝ።»