ለቬሎ የተጾመ ጾም

ፀደንያ ቀጭን አልነበረችም። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በእናቷ ዳቦ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማ ያደገች ልጅ ቀጭን ብትሆን ነበር የሚገርመው። የትኩስ ዳቦ ጫፍ ሳትቀምስ ለደንበኛ አታቀብልም እያሉ የሚያሾፉባት ጎረቤቶች እንኳ ሳቋን ስለሚወዱት ተመልሰው የሚመጡት እሷው ዘንድ ነበር። ሰውነቷ ጉድለት መሆኑን እስከዚያ ዓመት ድረስ ማንም አልነገራትም።

ሰይፈሥላሴን ያወቀችው ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ነው። ለዘመድ ልጅ ክርስትና ኬክ በካርቶን ይዛ ወደ አንኮበር ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጉም መሐል ቆመ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። እሷ ጋቢና ተቀምጣ ስለነበር ሹፌሩን አየችው፤ በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሷል፣ መሪውን የያዙት እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ወንድሜ፣ አሞሃል?»

«ደህና ነኝ... ትንሽ ነው» አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል።

«ቁርስ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ፀደንያ የካርቶኑን ክር ፈታች። ኬኩ ይበላሻል ብላ አላሰበችም፤ በእጇ ቆርሳ አጎረሰችው፣ ደገመችው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ጠራ። ያኔ ነው በደንብ ያያት። እሷም ክሬም የነካውን ጣቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ክርስትናውን ያለ ኬክ አስቀረሁት።»

«ልጁ እንደሆነ ጥርስ የለው» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ረኃብ ነው ብላ ነበር ያሰበችው፤ እሱም ረኃብ ነው አላት። ከልጅነቱ ጀምሮ ስኳር እንዳለበትና በየቀኑ መርፌ እንደሚወጋ አልነገራትም። ይህን ያወቀችው ማወቁ ለማንም በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰይፈሥላሴ ከአንኮበር በተመለሰ ቁጥር ዳቦ ቤቱ ደጃፍ መኪናውን ያቆም ጀመር። ምሳ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። እሱ ጉርሻውን አፏ ሳይደርስ አየር ላይ ያቆየውና ዓይን ዓይኗን ያያታል።

«ሌላዋ ወንድ ፊት እንደ ዶሮ ነው የምትለቃቅመው» ይላታል። «አንቺ ስትበዪ ሳይ እኔንም ይርበኛል።»

መስከረም ላይ ሽማግሌ ላከ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ነገር የተበላሸው ቬሎ ቤት ነው። የሰይፈሥላሴ ታላቅ እህት በሰለች አብራት ሄዳ ነበር። ዚፑ ወገቧ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ትንፋሽሽን ያዢ አሏት፤ ያዘች፤ ዚፑ አልተንቀሳቀሰም። በሰለች በክፋት ሳይሆን ቀልድ መስሏት፣ «ሰይፉ በአንድ ሠርግ ሁለት ሚስት ሊያገባ ነው መሰለኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ፀደንያም አብራ ሳቀች። መስታወቱ ውስጥ ያየችውን ሰውነት ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠላችው።

ጠዋት የሎሚ ውሃ፣ ማታ የተቀቀለ ጎመን ሆነ ምግቧ። ስልኳ ላይ የምታያቸው ከሲታ ሴቶች እንደዚያ ነበር የሚመክሩት። በዳቦ ሽታ መሐል እየዋሉ መራብ ምን እንደሆነ የዋለበት ያውቀዋል። ኅዳር አጋምሶ የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ጥሩ መደበቂያ አገኘች፤ ጾመኛን ለምን አትበላም ብሎ የሚጨቀጭቅ የለም። እናቷ አልላቀቅ ስትላት፣ «ስዕለት አለብኝ፤ ማታ ማታ ብቻ ነው የምቀምሰው» አለቻት። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በዓይን የማያውቋት ሴቶች ሳይቀሩ የተባረከች ልጅ ይሏት ጀመር።

ሰይፈሥላሴም ሰማ። በምሳ ሰዓት መጥቶ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ስዕለቱ ስለ ምንድን ነው?»

እውነቱን ልትነግረው ነበር። ቬሎው ጠበበኝ ማለት ምን ይከብዳል? ነገር ግን ታቦት ፊት የቆመ ያህል በአክብሮት ሲያያት ጊዜ አፈረች።

«ስለ እኛ ነው።»

ሰይፈሥላሴ የቄስ ልጅ ነው፤ እሱ ባደገበት ቤት በስዕለት አይቀለድም።

«እንግዲያው ብቻሽን አትጾሚም» አላት።

«ኧረ አንተ ስትነዳ ነው የምትውለው፣ ሂድና ብላ።»

«አንቺ ስለ እኔ እየተራብሽ፣ እኔ በየትኛው ጉሮሮዬ ነው የማወርደው? ከአንድ ሳህን ስንበላ ከርመን?»

ደስ አላት። ልሸፍንላት አልችልም፣ ደስ አላት። የሚወዳት ሰው ስለ እሷ ሲራብ ማየት ጣፈጣት። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ታኅሣሥ ገባ። የሰይፈሥላሴ ከንፈር ደረቀ። አንድ ቀን ለቤት ዳቦ ገዝቶ መልስ ሊቀበላት ሲል ሳንቲሙ ከእጁ ረገፈ።

«ሰይፉ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርዱ ነዋ።»

የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ለማንም ምክንያት ይሆናል። አመነችው። ቬሎውን ድጋሚ የምትለካበት ቀንም ደርሶ ነበር፤ ልኳ ከሆነ ስዕለቴን ፈጸምሁ ብላው አብረው ምሳ ይበላሉ፤ ውሸቱም ማንንም ሳይጎዳ ያልፋል።

ልኳ ሆነ። ዚፑ እስከ ላይ ወጣ። በሰለች እልል አለች። ፀደንያ ቬሎውን ሳታወልቅ ስልኳን አንስታ ደወለችለት። አላነሳም። ደገመች።

ስልኩ የሚጮኸው አንኮበር መንገድ ላይ፣ ጉም ውስጥ በቆመ ሚኒባስ ነበር። ሰይፈሥላሴ ዳር ይዞ አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፏል። ተሳፋሪዎቹ ያውቁታል፤ ከእጮኛው ጋር እንደሚጾምም ያውቃሉ። አንዲት ሴት ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ አንድ ሽማግሌ ከለከሏት። «ተይው ልጄ፤ ጾሙ አድክሞት ነው። ትንሽ ይረፍ» አሉ። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስልኩ ሲጮኽ እንኳ ማንም አልነካውም። እንዲያ አክብረውት ሲጠብቁ ቆዩ። ኋላ አንዱ ትከሻውን ሲነካው ሰውነቱ ወደ በሩ ዘንበል አለ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ነፍሱ አልነበረችም።

በሠልስቱ ፀደንያ አንኮበር፣ አባቱ ቤት በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ጥግ ተቀምጣለች። ሴቶቹ እያዩዋት ከንፈራቸውን ይመጣሉ። «ስለ እሱ ስትጾም እኮ ነው እንዲህ ያለቀችው፤ ምስኪን» ይባባላሉ። አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ መርፌውን ተወግቶ፣ ሳይበላ ነው የወጣው» አሏት። «ከሕፃንነቱ ስኳር ነበረበት። ጾም አይገባህም ብዬ የፈታሁት እኔው ነኝ። ዘንድሮ ግን እሷ ስለ እኔ እየጾመች እንዴት ልብላ አለኝ። ስቆጣው እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በሽተኛ ነው ብላችሁ እንዳትከለክሉት ፈራን። ከሠርጉ በኋላ ይነግራታል ብለን አፋችንን ዘጋን። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያንቺ ጾም ንጹሕ ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው አዝኖላታል፣ ማንም አይጠይቃትም።

«አባ፣ ስዕለት አልነበረብኝም» አለች። «ቬሎው ጠቦኝ ነው። ለመክሳት ነው የተራብሁት።»

ከኋላቸው ውሃ ይዛ የቆመችው በሰለች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ቄሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ለቬሎ» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ የሞተለትን ነገር አሳነስሽብኝ።»

ፀደንያ ልትሄድ ተነሣች። ቄስ ወልደተንሣኤ እጇን ያዙ።

«ተቀመጪ። ያን ቀን ጉም ውስጥ ኬክ ያጎረሰችው ልጅ አንቺ አይደለሽም? አንዲት ልጅ ከሞት መለሰችኝ ብሎ ነው ያን ማታ ቤት የገባው። ስኳሩ ወርዶበት እንደነበር እኛ ገብቶን ነበር። ላንቺ ነው ያልነገርንሽ።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ልብሷን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሽማግሌው እስኪወጣላት ጠበቋት። ከዚያ በሰለችን ጠርተው ንፍሮ አስመጡ፤ በእፍኛቸው ዘግነው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

«ብዪ» አሏት። «ሌላ የተራበ ሰው ማየት አልችልም።»

ንፍሮው ጨው አልነበረውም። ፀደንያ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ እስኪያልቅ ድረስ በላች።