ሰላምታ የበዛበት ሰርቨር

«ማሽኑም እንደኔ ጡረታ ሊወጣ ነው መሰለኝ» አሉ ሽማግሌው አታሚ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ማንም አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ ከገጽ አቀናባሪዋ ኮምፒውተር ገጾቹን ለማተሚያው ወደሚያቀብለው ሰርቨር አንድም ገጽ አልደረሰም። ሥራ አስኪያጁ ሰርቨሩን የሚይዘው ልጅ ፊት ተገትረዋል።

«ስማ፣ እስከ ምሳ ካልሠራ ቁልፉን አስረክበህ ሂድ!»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ገጽ አቀናባሪዋ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና ሰማቻቸው። ያ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ ለሰርቨሩ ትእዛዝ መጻፍ ሲያስተምራት ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ አያውቅም። እሷ ግን ጣቶቹን ሳይቀር ታውቃቸዋለች።

እሱ እንዳሳያት ምንም የማይሠራ ባዶ ትእዛዝ ወደ ሰርቨሩ ላከች። መመለስ የነበረበት ዝምታ ነው። አንድ መስመር ተመለሰ፦

«እንደምን አደርክ? አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ እየኝ።»

ፊቷ ጋለ። ትናንት ራሷ የጻፈችው ነው። ሰው በገባ ቁጥር ሰርቨሩ ከሚያነበው ፋይል ውስጥ የከተተችው፣ እሱ ጠዋት ሲገባ እንዲያየው ብላ ነበር። ገጽ የሚልከው ፕሮግራምም በዚያው በር እንደሚገባ አላወቀችም። ፕሮግራሙ የሰርቨሩን መልስ ሲጠብቅ ሰላምታ መጣበት፤ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

መስመሩን አጥፍታ ዝም ማለት ትችል ነበር። ጥፋቱ ግን እሱ ላይ ሊቀር ነው። ተነሣች።

«ጋሼ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ መጥተው ስክሪኑን ጮክ ብለው አነበቡት። እስከ መጨረሻው።

«ገጹ ቢቀርም ሰላምታው ደርሷል» አሉ ሽማግሌው። አሁን ሁሉም ሳቀ።

«ጠዋት አይቼዋለሁ» አለ ልጁ በድንገት። ጆሮው ቀልቷል።

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምክንያቱን ብናገር እሷ ታፍራለች ብዬ፤ ላጥፋው ብል ደግሞ... አልጨከንኩም።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «በሉ አጥፉትና ገጾቼን ላኩ!» ብለው ወጡ።

ልጁ መስመሩን አጠፋው። ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። እሷ ወለሉን እያየች ቆማለች።

«ምን ሆነሻል?»

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።»

ልጁ ከስክሪኑ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«እንግዲያው ጠጋ በይልኝ፤ እኔም ልግባ።»