የጎረቤት ካፕሱል

«እኔ ካዘዝኩላት ሌላ የወሰደችው መድኃኒት አለ?» አለ ዶክተር ልዑልሰገድ ከወረቀቱ ቀና ብሎ።

«ኧረ ምንም አልቀመሰች!» አለች የሜቲ እናት ቶሎ ብላ።

ሜቲ አንገቷን ደፋች። የዋጠችውን ካፕሱል የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው፣ የጓደኛዋ የፎዚያ እናት ናት። በግቢያቸው የተረፈ መድኃኒት መቀባበል ጨው እንደ መበዳደር ነው። «አሜባ ነው ባክሽ፤ የኔዋን በሦስት ቀን ነው ያዳናት» አለች የፎዚያ እናት ካፕሱሉን ስትሰጥ። ሐኪሙ ያዘዘው ቀስ እያለ ነበር የሚሠራው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናቷ ትዕግሥት አጣችና «ዋጪው» አለቻት።

መዋጥ ከጀመረች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ከሰገራዋ ጋር የሚወጣው ደም ግን ባሰ። ትናንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አራት ጊዜ ወጥታ ስትመለስ፣ ከኋላ ወንበር «የሽንት ቤት ሞኒተሯ መጣች!» ብለው ሳቁባት። ፎዚያም አብራ ሳቀች።

«ስሚ ሜቲ» አለ ዶክተሩ። «አንጀታችን ውስጥ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ አይጎዱንም፤ እንዲያውም ይጠቅሙናል። ያንቺ የሰውነት መከላከያ ግን እንደ ሰከረ ዘበኛ የቤቱን ሰው ሌባ እያለ ይደበድባል። አንጀትሽን ያቆሰለው ያ ዱላ ነው። የሰጠሁሽ መድኃኒት ዘበኛውን የሚያረጋጋ ነበር፤ አሁን እጥፍ አደርገዋለሁ።»

ብዕሩን አንሥቶ ቆም አለ።

«ፀረ ባክቴሪያ ወስደሽ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ጥሩዎቹን ይፈጃቸውና ቦታቸውን ክፉ ባክቴሪያ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ዘበኛውን ባስተኛው፣ አንጀትሽ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል።»

«አልወሰደችም አልኩዎት እኮ፣ ዶክተር!»

በጠረጴዛው ሥር የእናቷ እጅ የሜቲን ጉልበት ጨመቀ። የመቂ ሽንኩርት ሲለቅም የሻከረ እጅ ነው። ሜቲ እናቷን በሰው ፊት አስተባብላ አታውቅም። እንኳን እናቷን፣ ታላቅ እኅቷንም።

ዶክተሩ መጻፍ ጀመረ።

«ዶክተር» አለች ሜቲ። «ቀይና ጥቁር ካፕሱል ነው። በቀን ሦስት። ዛሬ ጠዋትም ውጫለሁ።»

የእናቷ እጅ ከጉልበቷ ላይ ተነሣ። ሜቲ ወደ እሷ አልዞረችም፤ የዶክተሩን ቀጣይ ጥያቄ ጠበቀች።