የሁለተኛ ማርሽ መብራት

ይንዳ ተባለ! አባዬ ይንዳ ተባለ! ትናንት ከሰዓት የሹፌሮች ማኅበሩ ተሰብስቦ «ሰይድ መኪናውን ይንዳ፣ የመጫኛ ወረፋውም ይመለስለት» ብሎ ወሰነ፣ እኔ ወሬውን የሰማሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፣ አጎቴ ይመር ከሬዲዮ መጠገኛው ደጃፍ ቆሞ ካቻቪቴውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ «ሉባባ! ኢንጂነሯ! አባትሽን ከእገዳ አስፈታሽው!» ብሎ ሲጮህ ደብተሬን መሬት ጥዬ ዘለልኩ፣ ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። ለግድግዳ ጋዜጣችን እንድጽፍ የታዘዝኩት ስለ ክረምቱ ዘመቻ ነበር፣ ነገር ግን የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ እጄ ብዕር አልለቅ ብሏል፣ ዛሬ ደግሞ የሚጽፈው ይሄንን ብቻ ነው፣ ስለ ዘመቻው ሌላ ሰው ይጻፍ።

ደስታዬን ብቻ ጽፌ ብተወው ደግሞ ግማሹን ዋሸሁ ማለት ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ደስታ መሐል ላይ እስከ አሁን ያልገባኝ ነገር አለ።

በቅድሚያ ይሄን እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እዚህ ሐይቅ ከተማ ያደጋችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጅ ሆነን «ሲመሽ ውሃ ዳር አትሂዱ፣ ውሃው በስማችሁ ይጠራችኋል» ሲሉን ሌሎቹ ሲሸሹ ሆን ብዬ ሄጄ «አቤት!» የምለው እኔ ነበርኩ፣ ወላሂ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ለእኔ መብራት የሚበራው ሽቦ ከሽቦ ሲነካ ነው፣ ካልነካ አይበራም፣ አለቀ። ይሄን ያስተማረኝ ይመር ነው፣ ከሱቁ ጥግ ተቀምጬ የተበላሹ ሬዲዮኖችን እየፈታሁ ነው ያደግኩት።

አባዬ ሹፌር ነው። አንዲት አሮጌ ባለ አራት ማርሽ ፒካፕ አለችን፣ ከዚህ ዓሣ ጭኖ ውጫሌ ገበያ ያደርሳል፣ ሲመለስ ማሽላም ሰውም ይጭናል፣ የምንበላው ከእሷ ነው። ካቻምና ተስቦ ይዞት አልሐምዱሊላህ ከሞት ተረፈ፣ ጆሮው ግን አልተረፈም፣ ነጎድጓድ እንኳ አይሰማም፣ አዛን ሲል እማዬ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ እኛ የምንለውን ደግሞ ከንፈራችንን እያየ ነው የሚረዳው። ለሹፌር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ማርሽ የሚታወቀው በጆሮ ነው፣ ሞተሩ ሲጮህ ትጨምራለህ፣ ሲያቃስት ትቀንሳለህ። የእኛዋ መኪና ደግሞ የማርሽ እጀታዋ ከማርጀቷ የተነሳ እንደ ወለቀ ጥርስ ስለሚወዛወዝ የት እንደገባ በእጅም አይለይም። አባዬ በአራተኛ ዳገት ይጀምርና ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ይጠፋበታል፣ በአንደኛ ሜዳውን እያስጮኸ ሲሄድ የሰፈር ልጆች «ሰይድ አውሮፕላን!» እያሉ ይከተሉታል፣ እሱ ሳቃቸውን እንጂ ቃላቸውን ስለማያውቅ እጁን እያነሳ ሰላም ይላቸዋል። ያቺ ሰላምታ ነበረች አንጀቴን የምታቆስለው።

በመጨረሻ ማኅበሩ «ጆሮው የማይሰማ ሰው ሰው አይጭንም» ብሎ ወረፋውን ከለከለው፣ በቤት ውስጥም መኪናዋ ትሸጥ የሚል ነገር ተጀመረ። አባዬ ከሰላት በኋላ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ገብቶ መሪውን ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፣ ጆሮ እምቢ ካለ ዓይን አለ አይደል? ከዘይት ቆርቆሮ ትንሽ ሣጥን ሠራሁ፣ በግንባሯ ላይ አምስት ቀዳዳ በሳሁ፣ በየቀዳዳው የእጅ ባትሪ አምፖል አስገባሁ፣ ከሥራቸው በእማዬ የጥፍር ቀለም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ለኋላ ማርሽ «ኋ» አልኩ። ከማርሹ እጀታ ሥር ይመር የመዳብ ቁርጥራጮች ገጠመልኝ፣ እጀታው ሁለተኛ ላይ ሲገባ የሁለትን መዳብ ይነካል፣ የሁለት አምፖል ይበራል፣ ዜሮ ላይ ሲሆን ምንም ስለማይነካ ሁሉም ይጠፋል። ሣጥኗን ከመሪው ጎን አሰርናት። ከዚያ አባዬን ፊቴን እያሳየሁት ደጋግሜ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ «አባዬ፣ ጆሮህን እርሳው፣ እጅህንም እርሳው፣ መብራቱን እመን።»

«መብራቱን ልመን?»

«መብራቱን እመን።»

«እሺ የኔ ዓለም፣ ካንቺ ወዲያ ማንን ላምን ነው» አለኝ።

ማኅበሩ አንድ ዕድል ሰጠው፣ በገበያ ቀን ውጫሌ ደርሶ ይመለስ፣ ጋሽ ታደሰ አብረውት ሄደው ይዩት፣ እሳቸው የሚሉት ይሁን ተባለ። ጋሽ ታደሰ በሐይቅ የመጀመሪያዎቹ ሹፌሮች ከሚባሉት ናቸው፣ ለሹፌር ምሕረት አያውቁም ይባላል፣ ጠዋት መጥተው በር ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት የእኔን ሣጥን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ሰርግ ቤት ነው እንዴ?»

«ማርሹን የሚያሳይ ነው ጋሼ።»

«እኔ ማርሽ የማውቀው በመቀመጫዬ ነው» አሉና በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ እኔ በሁለቱ መሐል ገባሁ፣ እጀታው ጉልበቴ ላይ ደረሰ፣ አባዬ «ቢስሚላህ» ብሎ አስነሳ።

አንድ በራ። ሁለተኛ ሲያስገባ... ምንም! ሦስት በራ፣ አራት በራ፣ ተመልሶ ሁለተኛ ሲያስገባ ጨለማ። ጋሽ ታደሰ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ መንገዱን ያያሉ፣ እኔ በነጠላዬ ሥር ሁለት ጣቴን የአባዬ ጉልበት ላይ ጫን አደረግኩ፣ እሱም ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ እያደረግን፣ ሁለተኛ በገባ ቁጥር እኔ አምፖል ሆኜ፣ ውጫሌ ደረስን። ዓሣው ሲራገፍ ጎንበስ ብዬ በቀዳዳዋ አየሁ፣ የሁለት አምፖል መስታወት ከውስጥ ጠቁሯል፣ ተቃጥላለች። መለዋወጫ አልያዝኩም፣ ብይዝስ ጋሽ ታደሰ ከመኪናዋ አጠገብ መች ይርቃሉ! ይሄን ያዙልኝ፣ አምፖሏ ጠዋት ሞታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ማሽላ ጭነን ተመለስን። ዳገቱን ጨርሰን የሐይቁ ውሃ ከታች ሲታየን ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታ ነበር፣ ውሃው የቢላ ስለት መስሎ ተኝቷል። እዚያ ላይ ሹፌር ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ቁልቁለት የተገኘ ቦታ ሁሉ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ጋሽ ታደሰም የአባዬን ትከሻ መታ አድርገው መዳፋቸውን እንደ አሞራ ክንፍ ዘረጉለት፣ «ለቀቅ አድርጋት ሰይድ! ቤንዚኑ የአባትህ ነው?» አባዬ ዜሮ አደረገ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፉ፣ መኪናዋ በራሷ ክብደት ትንሸራተት ጀመር፣ ከሞተሩ ዝግ ያለ ድምፅ በቀር የሚሰማው ንፋሱ፣ የከረጢቶቹ መፋተግ፣ ጋሽ ታደሰ በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉሯት ነገር፣ በቃ ይሄ ብቻ ነው።

አባዬ ቀና አለ። ሰው ሲጠራው እንደሚያደርገው፣ ጆሮ በነበረው ጊዜ ያደርገው እንደነበረው፣ ራሱን ዘንበል አደረገ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤታችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም፣ ደግሞም የሚጠይቀው እሱ!

«ምኑን አባዬ?»

«ጠቅ ሲል። ይኸው ደገመው፣ ጠቅ።»

እኔ ጠቅታ አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ደህና ነው፣ እመኑኝ ምንም አልሰማሁም። ግን እሱ ወደሚያይበት ሳይ ሁለት በርታለች። የተቃጠለችው። እጀታው ጉልበቴን እየነካ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ዜሮ ላይ ነው፣ መዳብ የሚነካ ምንም የለም፣ እሷ ግን በርታለች፣ እንደ ሌሎቹ ደማቅ ሳትሆን በመዳፍ እንደተሸፈነ ክብሪት ደብዛዛ ቀይ። ጋሽ ታደሰ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ።

«ሁለት ይላል» አለ አባዬ፣ ለራሱ ይመስል ዝግ ብሎ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጦ እጀታውን ወደ ሁለተኛ ጎተተው።

ሞተሩ እንደ ተጎዳ በሬ አጓራ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ዘገየች፣ ጋሽ ታደሰ ግንባራቸው መስታወቱን መታ። «አንተ ሰው! አብደሃል?! በዜሮ እየሄደ ሁለተኛ ይከታል? ምን ታየህ?» መንገዱ ባዶ ነበር፣ ፊታችን ምንም አልነበረም፣ ሰው የለ፣ ከብት የለ። አባዬ በሁለተኛ እየተንፏቀቀ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወረደ፣ እኔ ደግሞ በልቤ «አበቃ፣ መኪናዋ ተሸጠች» እያልኩ ነበር፣ ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን አዙረው ቆሏቸውን ኪሳቸው ከተዋል።

ከተማው መግቢያ ላይ ከብት ከግጦሽ እየገባ መንገዱን ሞልቶታል። አባዬ ፍሬን ያዘ። እግሩ ወለሉ ድረስ ሲሰምጥ አየሁት። እንደገና ረገጠ፣ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋ፣ መኪናዋ በማርሿ ተይዛ ሁለቴ ሦስቴ ተንፈራገጠችና የአንድ ቀይ በሬ አፍንጫ ሥር ቆመች። በሬው ሞተሩን አሸተተና መንገዱን ቀጠለ።

ጋሽ ታደሰ ወረዱ፣ በእንብርክካቸው ሆነው ጎማውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ የፍሬን ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። ጣታቸውን አሸተቱ፣ ወደ ወረድንበት ቁልቁለት አዩ፣ ከዚያ ወደ ውሃው አዩ። «በዜሮ ብንሆን...» አሉና አልጨረሱትም። በዜሮ ይሁን ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ቤት እንደደረስን ይመር አምፖሏን አውጥቶ ፋኖስ ላይ አያት፣ ክሯ ተበጥሷል፣ ባትሪ ላይ ቢያደርጋት ምንም።

«ይቺማ ሞታለች።»

«ማታ በርታለች አጎቴ።»

«የፀሐይ ነጸብራቅ ይሆናል።»

«ፀሐይ ገብታ ነበር።»

«ደክሞሽ ይሆናላ።»

«አባዬስ የሰማው?»

ይመር አምፖሏን ባዶ የክብሪት ቤት ውስጥ ከቶ ሰጠኝና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ትናንት ስብሰባው እንዳለቀ ጋሽ ታደሰ እቤት መጡ፣ አባዬን አቅፈው ሳሙት፣ ሲወጡ ደግሞ እኔን ወደ በሩ ጠሩኝ። «ለእኔም መኪና አንድ ሥሪልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንቱ ማርሽ በመቀመጫዬ ነው የማውቀው አላሉም?»

አልሳቁም። «አምፖሏ አዲስ ባትሆን ደስ ይለኛል፣ የተቃጠለች ካለሽ...»

«አዩዋት እንዴ ጋሼ?»

«እኔ ልጄ ቆሎዬን ነበር የማየው» ብለው ሄዱ።

ማታ እራት ቀርቦ ሁላችንም እየሳቅን ነበር፣ እማዬ እንኳ «ሰይድ አውሮፕላን» ብላ ከንፈሯን እያሳየችው ስታበሽቀው፣ አባዬ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ቀና አለ፣ ራሱን ዘንበል አደረገ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

የክብሪት ቤቷ መደርደሪያው ላይ ነበረች፣ ተነስቼ ከፈትኳት፣ ጨለማ ናት። ስመለስ አባዬ ጉርሻውን አስቀምጦ በቀኝ እጁ ከጉልበቱ አጠገብ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ፣ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ጎተተ። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። እኔም ዝም አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ «እኔ አልሰማሁም» ብዬ አልነገርኩትም፣ ትናንትም አልነገርኩትም። ተኝቼ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ እሺ ያኔስ ቁልቁለት ላይ ነበርን፣ ፍሬናችን አልቆ ነበር፣ ትናንት ግን እቤታችን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ታዲያ ወዴት እየወረድን ነው?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋ ታጥባ በራችን ላይ ትቆማለች፣ አዲስ አምፖል አስገብቻለሁ፣ ኑ፣ ከአባዬ ጎን እየገባችሁ ተቀመጡ፣ ማርሹን እየለዋወጠ ያሳያችኋል፣ ደስ ይለዋል። የተቃጠለችውንም ማየት የፈለገ ይያት፣ የሳይንስ ክበብ ልጆች ባትሪያችሁን ይዛችሁ ኑ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ተቀምጣችሁ ሳለ አባዬ ድንገት ቀና ብሎ «ሰማችሁ?» ካላችሁ፣ ከንፈራችሁን እንዲያይ ወደ እሱ ዙሩና እውነቱን መልሱለት፣ እንደ እኔ ዝም አትበሉት።