የኔሊዳ ተራ

ዶን ሳቱርኒኖ ከዛፉ ሥር እንደወደቁ ነበሩ። ጀርባቸው እንደ ቀስት ተለምጧል፤ ጥርሳቸው ገጥሞ ቀርቷል፤ ለሚያያቸው የሚስቁ ይመስላሉ። ከፍሙ ላይ የተዘረጋው የጎድን ሥጋ እያረረ ይጨሳል፤ የሚገለብጠው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ኦፌሊያ ኢሪባርኔ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና ቀና አለች። በፓምፓ ሜዳ ያደገ ሰው ሁሉ ለቀበሮ በሚጣል መርዝ የሞተ ውሻ አይቷል።

«መርዙ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ኮርቻ ቤቱ ውስጥ» አለ የእረኞቹ አለቃ ሴሌዶኒዮ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ። «በሩ አይቆለፍም። ማንም ይገባል።»

«መራራ ነው፣ አይደል?»

«እንደ ሐሞት። ዶን ሳቱርኒኖ ደግሞ የማቴ ሻያቸውን ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። መራራን ከመራራ ማን ይለየዋል?»

ሥጋው እስኪበስል አራት ሆነው ማቴ፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ በየተራ ሲጠጡ ነበር፤ ሽማግሌው፣ ልጃቸው ኔሊዳ፣ ባሏ ራሚሮና ሴሌዶኒዮ። ቅሉ አንድ፣ የብር መምጠጫው አንድ፣ ማንቆርቆሪያው አንድ። የምትቀዳው ኔሊዳ ነበረች። ከኦፌሊያ ጋር የመጣው ሐኪም ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከቀረው ውኃ በጣቱ ጠብታ ምላሱ ላይ አደረገና ወዲያው ተፋው።

«ከውኃው ነው» አለ።

ኦፌሊያ መጀመሪያ ራሚሮን አነጋገረችው። መልከ መልካም ሰው ነው፤ ሲያለቅስም ያምርበታል።

«ሚስቴን መወንጀል አልፈልግም» አላት። «ግን የቀዳችው እሷ ናት። ሽማግሌው እኮ አሳሯን ነው ያበሏት። እናቷ የተቀበሩ ዕለት እንኳ ‹አንቺ ሞተሽ እሷ ብትቀር ይሻል ነበር› ብለዋታል፣ በሰው ፊት። ሰው ስንቱን ይችላል?»

«እርስዎስ ጠጥተዋል?»

«ቀጣዩ የኔ ተራ ነበር። ትንሽ ቆይተው ቢወድቁ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የሚነሳው።» አማተበ።

ኔሊዳን ያገኘቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ እጆቿን ጭኗ ላይ ጥላ ግድግዳውን ታያለች።

«ገድለዋቸዋል?» አለቻት።

«ምኞት ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ገና ልጅ ሳለሁ ይሞት ነበር።»

«ማንቆርቆሪያውን ማን ሞላው?»

«ራሚሮ። ውኃው ሲያልቅ ‹አንቺ ተቀመጪ› ብሎኝ ይዞት ገባ። ደስ አለኝ። ከተጋባን ወዲህ ለኔ ብሎ ተነሥቶ አያውቅም።»

«ከዚያስ?»

«አዲስ ቅጠል ጨመርኩና ቀዳሁ። አባቴ ጠጣ። ወደቀ።»

ሴሌዶኒዮ ያረረውን ሥጋ ከፍሙ ላይ እያነሣ ነበር።

«እኔማ ቀደም ብዬ አመስግኜ ወደ ሥጋዬ መጣሁ፤ ከዚህ ግን ሁሉም ይታያል፣ ይሰማል» አላት።

ማቴ ላይ ያመሰገነ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅሉ አልፎት ይሄዳል።

«ሌላስ ያመሰገነ ነበር?»

«ዶን ራሚሮ። ማንቆርቆሪያውን አምጥቶ እንዳስቀመጠ ‹አመሰግናለሁ› አለ። ገረመኝ፤ ቅጠሉ ገለባ እስኪሆን የማይለቅ ሰው ነው። ‹ምነው ጌታዬ፣ ሆድዎን ቆረጠዎት እንዴ?› ብዬም ቀለድኩ።»

«ሽማግሌው ሲጠጡስ አይተዋል?»

ሴሌዶኒዮ ሥጋውን አስቀመጠ። «አይቻለሁ። ግን የሙት ነውር አይወራም።»

«ይወራል። ሁሉም ባሉበት እርስዎ ያወሩታል።»

ሦስቱንም ከዛፉ ሥር፣ በየወንበራቸው አስቀመጠቻቸው። ሬሳው ላይ ፖንቾ፣ የእረኛ ካባ፣ ተጥሎበታል።

«እዚሁ፣ ሬሳው አጠገብ?» አለ ራሚሮ።

«እዚሁ። መርዙ የነበረው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ሁሉ ይሞታል። ዶን ሴሌዶኒዮ ውኃው ሳይሞላ አመስግነው ሄደዋል፤ ማንቆርቆሪያውንም አልነኩም። ዶን ራሚሮ፣ እርስዎ ቀጣዩ ተራ የኔ ነበር ብለውኛል። ያመሰገነ ሰው ግን ተራ የለውም።»

«ማመስገኔን ረስቼው ነው።»

«ከሞት ለጥቂት ያመለጠ ሰው በምን እንዳመለጠ አይረሳም።»

«የቀዳችው እሷ ናት እያልኩሽ!» ድምፁ ሻከረ፤ አንቱታውም ቀረ።

«አዲስ ቅጠል ሲጨመር የመጀመሪያውን ማን ይጠጣል?»

እዚያ አገር ሕፃንም ያውቀዋል፤ የቀጂው ነው።

«ዶን ሴሌዶኒዮ፣ ያዩትን ይናገሩ።»

«እመቤቴ ለራሷ ቀዳች» አለ የእረኞቹ አለቃ አንገቱን ደፍቶ። «ወደ አፏ ስታስጠጋው አባትየው ከእጇ ነጠቋት። ‹አህያ ከጌታዋ ቀድማ አትጠጣም› አሏት። ጠጥተው ቅሉን እንደያዙ ሲሰድቧት፣ ሲሰድቧት፣ መንጋጋቸው ገጠመ።»

«የመረዘ ሰው መርዙን ለራሱ አይቀዳም» አለች ኦፌሊያ። «እሷ አላወቀችም። ያወቀው ውኃውን አምጥቶ ያመሰገነው ነው። አባት ብቻቸውን ቢሞቱ ርስቱ የልጅ ነው። አባትና ልጅ አብረው ቢሞቱ ግን የባል ይሆናል።»

ኔሊዳ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። «እኔንም?»

ራሚሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት።

«አንቺንማ አስቀድሜ» አለ። «የሱ ስግብግብነት ነው ያበላሸብኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ኔሊዳ ዞር ብላ አላየችም። ዓይኗን ከፖንቾው ላይ አላነሣችም።

«ኢንስፔክተር» አለች በመጨረሻ። ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «አባቴ ጠርጥሮ ይሆን? አውቆ ይሆን የነጠቀኝ?»

ሴሌዶኒዮ ኦፌሊያን በዓይኑ ለመናት። አንዲት ቃል ነበረች የሚፈልገው፤ ማንንም የማትጎዳ ቃል።

«አይደለም» አለች ኦፌሊያ። «ጠምቷቸው ነው።»