ለአበባ የሚሰፋ ከረጢት

ሸዋገነት ሰው ቶሎ አታምንም። በርበሬ በረንዳ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ በእናቷ በእትዬ ፋንታዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣ የበርበሬ ከረጢት ስትሰፋ ትውላለች። የግራ እግሯ ከልደቷ ጀምሮ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ የምትረግጠው በጠርዙ ነው። መልኳን አይተው የቀረቧት ወንዶች ከመቀመጫዋ ስትነሳ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ታውቀዋለች።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር። አንድ ቀን ካኪ የለበሰ ወጣት ገባ። በርበሬውን ዞር ብሎም አላየው።

«እህቴ፣ ከአቡጀዲ ጨርቅ፣ መዳፍ የምታህል ከረጢት ትሰፊልኛለሽ? አፏ በክር የሚታሰር።»

«ምን ሊያደርጉባት ነው?»

«አበባ ላስርባት።»

እትዬ ፋንታዬ ከሚዛናቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ አበባ በከረጢት የሚያስር ጠንቋይ ነው። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንወድም።»

ወጣቱ ሳቀ። ስሙ አሸብር ነው፤ ሥራው የዛፍ ዝርያ ማሻሻል። የባሕር ዛፍ አበባ ከመፍካቱ በፊት ንብ እንዳይደርስበት ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ከመረጠው ሌላ ዛፍ ያመጣውን የአበባ ብናኝ በእጁ ይቀባዋል። ዘሩን ዘርቶ ችግኙን ለዓመታት ይከታተላል።

«የዛፍ አጋቢ ነኝ በለኛ» አሉ እትዬ ፋንታዬ። አላመኑትም።

ሸዋገነት ግን ሰፋችለት። እሱም ተመላለሰ። ከገበያው ተሸካሚዎች ጩኸት መሀል ድምፁን መለየት ጀመረች። ቢሆንም እሱ ባለበት አንድም ቀን አልተነሳችም።

አንድ ከሰዓት የአቡጀዲው ጥቅል ከመደርደሪያው ሲወድቅ ራሷን ረሳችና ብድግ አለች። አሸብር እግሯን አየ። ሌሎቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ እሱ አተኩሮ አየ። ይሄኛው ይበልጥ አስፈራት።

«እንዲህ ያለ እግር የሚያጠና ሐኪም አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ዶክተር ሀብተ ወልድ ይባላል። በቀዶ ጥገና ያቃናል።»

ሸዋገነት ጥቅሉን አንስታ ተመልሳ ተቀመጠች። «ዛፍ ሲመርጡ፣ ጠማማው ምን ይሆናል?»

ሊዋሻት ይችል ነበር። «ይቆረጣል። ዘሩ እንዳይቀላቀል።»

«በሉ፣ ከረጢትዎን ይውሰዱ።»

እናቷ የራሳቸው ጥርጣሬ ነበራቸው። «ደላላ ነው። አውቶቡስ ተራ ለሆቴል እንግዳ እንደሚጎትቱት፣ ይሄም ለሐኪሙ በሽተኛ ይጎትታል።»

ነገሩ እንቅልፍ ቢነሳት ራሷ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሽበታሙ ዶክተር ቁርጭምጭሚቷን አገላብጦ አየ።

«አሸብርን ምን ይከፍሉታል?» አለችው።

ሐኪሙ ግራ ገባው። «የዛፉን ልጅ? ስለ አንዲት ልጅ ጠይቆኛል፤ ስምሽን ግን አልነገረኝም። ደጋግሞ የጠየቀኝ፣ ያማታል ወይ ብሎ ነው።» ከዚያ ሳይሸፋፍን ነገራት። ሕፃን ሳለች ቢሆን በጀሶ ብቻ ይቃና ነበር፤ አሁን አጥንቱ ተቆርጦ መስተካከል አለበት። ሕመም አለው፤ እንደ ሌላው እግሯም አይሆንላትም። በተረከዟ ግን ትረግጣለች።

ይህን ሰምታም ልቧ አላረፈም። አሸብር ሲመጣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ሐኪሙ አይቃናም አለኝ» አለችው።

አሸብር ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ሲያገላብጥ፣ ጠርጣሪ ልቧ «ይኸው፣ ሊተውሽ ነው» አላት።

«ጥር ሲገባ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያምሽ እንደሆነ ብዬ ነው ሐኪሙን ያነሳሁት። አይሆንም ካለ ምን እንጠብቃለን? እናትሽ ማን ቢላክባቸው እሺ ይላሉ?»

«ጠማማው ይቆረጣል አላልክም?» አለች፤ አንተ ማለቷን ሳታውቀው።

«ዛፍ የምመርጠው ለጣውላ ነው፣ ሸዋገነት።»

እንባዋ መጣ፤ እውነቱንም ነገረችው። የአሸብር ፊት ጠቆረ።

«ዋሸሽኝ?»

«በርበሬ ውስጥ ነው ያደግሁት። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበትን በርበሬ ቀለሙ አያጋልጠውም፤ ይቀመሳል።»

«እንግዲህ ቀመስሽኝ» አለና ከረጢቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

ሳምንታት አለፉ፤ አልመጣም። እንዲህ የተጠረጠረ ሰው ባይመለስ አይፈረድበትም ስትል አለቀሰች። ከዚያ ማንንም ሳታማክር ለሐኪሙ እሺ አለች።

ከቀዶ ጥገናው ስትነቃ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሯል። አሸብር ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ማን ነገረህ?»

«እናትሽ ማልቀስሽን አይተው አስጠሩኝ።»

«ላንተ ብዬ አይደለም የታከምኩት። ለእግሬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሽማግሌዎቹ ግን እናትሽ ደጅ ደርሰዋል።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።

ከተጋቡ በኋላ ሸዋገነት በተረከዟ ብትረግጥም ጥቂት ማነከሷ አልቀረም፤ ጥርጣሬዋም እንደዚያው። አሸብር ከጫካ ዘግይቶ በገባ ቁጥር ከማን ጋር እንደዋለ ትጠይቀዋለች።

«ከባሕር ዛፍ ጋር» ይላታል።

ኮቱን ተቀብላ፣ እሱ ያላያት እየመሰላት ታሸተዋለች። እውነትም ባሕር ዛፍ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ነው ራቱን የምታቀርብለት።